ሰባት ሜትር የጎደላት አውሮፕላን

ማስመሪያውን ሦስት ጊዜ አስጠጋሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጭራዋ ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር መጣ። ሃና ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። መብራት ስለጠፋ የምለካው በስልኬ ባትሪ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ አሥራ አንድ ተማሪዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። ቀን በሰሌዳው ላይ በጠመኔ የጻፍኩት ስሌት ግን 16 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይላል። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት። ሰሌዳው አልተሳሳተም።

ሃና የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጂንካ ተነስቶ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቁልቁል ወርዶ፣ የማጎን ወንዝ ተሻግሮ፣ ቆላውን አቋርጦ ነው የሚደረሰው። እዚያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ጂንካ ነው፤ የአውሮፕላን ፍቅርም የያዘኝ እዚያው ነው። የጂንካን የድሮ ማረፊያ የሚያውቅ ሰው ሜዳው ከተማው መሀል እንደነበር ያስታውሳል። ሣር ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ከዳር ዳር ሩጫ ይሆናል። ቤታችን ሜዳው ጥግ ስለነበር አባቴ ዱላውን ይዞ ይወጣና ከጎረቤቶቻችን ጋር ከብቱን ያባርራል። እኔ ከኋላው ነኝ።

ያኔ የምትመጣው ዳግላስ ነበረች። አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ፣ ጭራዋን በትንሽ ጎማ መሬት ላይ አሳርፋ ነው የምትቆመው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ አድርጎ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚችው ዓይነት፣ ሲ-47 በምትባለው ወታደራዊ እህቷ ነው። እናቴ ታማ አዲስ አበባ የሄደችው በዳግላስ ነው፤ ድና የተመለሰችውም በዳግላስ። በሩ ሲከፈትና የእናቴ ነጠላ ከውስጥ ሲታይ አባቴ ዱላውን ጥሎ ሲሮጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አውሮፕላን ለእኔ መኪና ወይም ትራክተር እንደሚሆነው ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም።

ደመወዝተኛ ከሆንኩ ጀምሮ የማጠራቅመው የዳይካስት ሞዴል ነው። በየቲኬት ቢሮው መስኮት በብረት እግር ላይ ተሰክተው የሚታዩት ትልልቆቹ ሌላ ናቸው፤ አብዛኞቹ ፋይበር ወይም ፕላስቲክ ናቸው፣ ለሩቅ ዓይን የተሠሩ። ዳይካስት የሚባለው የቀለጠ ብረት በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ተገፍቶ የሚወጣው ነው። ብረቱ ዛማክ ይባላል። ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየምና መዳብ ናቸው፤ ስሙ የተገጣጠመው ከአራቱ የጀርመንኛ መጠሪያ ፊደላት ነው። 385 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። አሉሚኒየም ብቻውን 660 ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዛማክ የሚፈስበት ቅርጽ ቶሎ አይበላም፣ አንዱ ቅርጽ ብዙ ሺህ ጊዜ ያገለግላል። የአሜሪካው የኒው ጀርሲ ዚንክ ኩባንያ ይህን ውህድ ያወጣው በፈረንጆች 1929 ነው። በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት፣ በእኛ ነሐሴ 1921 ዓ.ም.፣ ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈች፤ አገራችን መሬት የነካች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን እሷ ናት። ይህን ግጥምጥሞሽ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ፣ ደስ ስለሚለኝ።

አንድ ሞዴል እጄ ሲገባ መጀመሪያ ክብደቱን ነው የምመዝነው። ዛማክ ቀዝቃዛና ከባድ ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። ክብደት ግን ስለ ብረቱ እንጂ ስለ እውነቱ አይናገርም። ቀጥዬ አፍንጫዋን አያለሁ። አውሮፕላን እንደ ሰው መልክ አላት፤ መልኳም ያለው አፍንጫዋና የአብራሪው መስኮት ላይ ነው። መስኮቷ በግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ፊቷ ያኮርፋል፣ ከፍ ካለ ይደነግጣል። ክንፉ ከሆዷ የሚጋጠምበትን ስፌት በጥፍሬ እዳስሳለሁ። ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ካለ ሥራው በችኮላ ነው የተሠራው። የቀለም ድርብርብ አያለሁ። ጎማው ይዞራል ወይ? ቆማ ሳለ ሁሉም እግሮቿ መሬት ይነካሉ ወይ?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ የክንፍ መለመጥ ነው። አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ሲበር ክንፉ እንደ ቀስት ወደ ላይ ይነሳል፣ መሬት ላይ ሲቆም ደግሞ ይረግባል። ስለዚህ ጎማዋን ዘርግታ ጠረጴዛ ላይ የቆመች ሞዴል ክንፏ እንደ በራሪ ከተቀሰረ አንዱ ውሸት ነው፤ ወይ ጎማው ወይ ክንፉ። እኔ ያለችኝ 1 ለ 400 የሆነችው 787 ይህ ስህተት አለባት። ርዝመቷ ግን 14 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእውነተኛዋ 56.7 ሜትር ለ400 ሲካፈል የሚመጣውም ይኸው ነው። በርዝመት ስላላታለለችኝ በክንፏ አዝኜም ይዣታለሁ።

መጠኑን ለማያውቅ አንባቢ፦ 1 ለ 200 ማለት ሁለት መቶ ሞዴሎች አፍንጫ ለጭራ ቢሰለፉ የእውነተኛዋን አንዷን ርዝመት ያህላሉ ማለት ነው። በዚህ መጠን የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቀለም በእውነተኛዋ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነው። በሰውነቷ ላይ የሚቆፈረው የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመርም እንዲሁ ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተቆፈረ እውነተኛዋ ላይ እጅ የሚያስገባ የአምስት ሴንቲ ሜትር ቦይ ይሆናል። እንዲህ የተሰነጠቀ አውሮፕላን አይበርም። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ የቱን ቀርጾ የቱን በቀለም ብቻ እንደሚያልፍ ያውቃል። ሄርፓ፣ ጌሚኒ ጄትስ፣ ጄሲ ዊንግስ፣ ፊኒክስ፣ ኤንጂ የሚባሉትን ሠሪዎች ሰብሳቢዎች የሚያነጻጽሯቸው በዚህ ነው። ስም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ አንዱ ሠሪ በአንዷ አውሮፕላን ተዋጥቶለት በሌላዋ ይስታል።

ከሁሉም የምመኛት ግን ዳሽ 8 ኪው 400 ነበረች። የቦምባርዲየር ሥራ ናት፤ አየር መንገዳችን የመጀመሪያዋን የተቀበለው በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጂንካ የምታርፈው እሷ ናት። የታመመ የሚሄድባት፣ ዘመድ የሚመጣባት እሷ ናት። አባቴ መጀመሪያ ያያት ቀን አጥር ተደግፎ ብዙ ቆየና፦

“የዱሮዋ ክንፍ ይሰፋ ነበር” አለኝ።

“አይ አባዬ፣ ይቺ እኮ ትልቋ ናት። ከሰባ ሰው በላይ ትጭናለች” አልኩት።

በኋላ መዝገብ አገላብጬ አየሁ። የኪው 400 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28.4 ሜትር ነው። የዳግላስ 29 ሜትር ነው። ርዝመቷ ከአዲሷ በ13 ሜትር ያጥራል፤ ክንፏ ግን በ60 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። አባቴ በሩቅ ቆሞ፣ በሃያ ዓመት ልዩነት፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ሳልነግረው አለፈ።

ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ሥዕሏን ከሻጭ አግኝታ ላከችልኝ፦ ኪው 400፣ 1 ለ 200፣ በአየር መንገዳችን ቀለም፣ ዘጠና ዶላር። ፎቶው የተነሳው ከፊት ትንሽ ወደ ጎን ነው። አፍንጫዋ ደርባባ፣ ክንፏ ከላይ፣ ጭራዋ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። “ይህችን ሳትሸጥ ያዢልኝ” አልኳት። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ከፊት የተነሳ ፎቶ ርዝመትን ይውጣል። ከጎን የተነሳ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ያለበት አንድ ፎቶ ብጠይቅ ኖሮ የሚከተለው ሁሉ አይሆንም ነበር።

ዕቃው በሰው እጅ አዲስ አበባ ደረሰ። ሠራተኛ ለሥልጠና ሲጠራ እኔም አዲስ አበባ ሄድኩና ከወንድሜ ቤት ተቀበልኩ። አልከፈትኩትም። ለተማሪዎቼ “አብረን ነው የምንከፍተው” ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ከኳስ ጨዋታ ሌላ መዝናኛ በሌለበት ቦታ እንዲህ ያለ ቃል ከባድ ነው። ቦሌ ላይ ሳጥኑ በማሽኑ ሲያልፍ ፍተሻ ላይ ያለችው ልጅ ቆም አደረገችው።

“ምንድነው ውስጡ? ድፍን ብረት ነው የሚያሳየኝ።”

“ሞዴል አውሮፕላን ነው፣ እህቴ።”

“ክፈተው እስቲ።”

ክዳኑን እሷ ራሷ እንድትከፍተው ለመንኳትና ፊቴን አዞርኩ። ምክንያቱን ስነግራት ፈገግ አለች፤ ከፈተች፣ አየች፣ መልሳ በጥንቃቄ ዘጋች። “የኛዋ ናት እኮ!” አለችና ሳጥኑን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እንደ ልጅ ነው ያቀፍኩት።

ወደ ጂንካ የወሰደችኝ እውነተኛዋ ኪው 400 ናት። ወንበሬ ከሞተሩ ትይዩ ነበር። ሞተሩ ሳይነሳ መቅዘፊያዎቹን በመስኮት ቆጠርኩ፤ ስድስት ናቸው፣ ጫፋቸው እንደ ጎራዴ ወደ ኋላ የተቆለመመ። ያረፈችባቸው ረጃጅም እግሮች ደግሞ ስትነሳ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ወደ ኋላ ታጥፈው ይገባሉ፤ ክዳኑ ሲዘጋ እግር የነበረበት ቦታ ልሙጥ ይሆናል። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ይህን ሁሉ አየሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም፤ በመካከላቸው የነበረው የካርቶን ክዳን ብቻ ነው።

ከጂንካ ወደ ሃና መኪና ጠፋ። ዝናቡ ሁለት ቀን ስላላቆመ አውቶቡሱ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ተገኘ፤ ረዳቱ ዘጠኝ ሰው ከጭነቱ ላይ አወጣን። ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሹራቤን ደርቤበት ታቀፍኩት። የማጎን ቁልቁለት በደህና ወረድን። ቆላው ላይ ስንደርስ መረሬው አፈር ጎማውን ያዘ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲል መኪናው ወደ ግራ ተንጋደደ፤ ከላይ የነበርነው ሁሉ ተንሸራተትን። ሳጥኑን ላለመልቀቅ በክርኔ ወደቅሁ። የቆርቆሮው ጠርዝ ክንዴን ቀደደው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ወርደን መግፋት ግድ ሆነ። ሳጥኑን የት ላስቀምጥ? ጭቃ ነው፤ ከላይ ዝናብ ነው። አንዲት እናት ዛፍ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሃና የሚሄዱ ናቸው።

“እማማ፣ ይህን ይያዙልኝ?”

“ምንድነው ልጄ?”

“አውሮፕላን ነው። ይሰበራል።”

ምንም አልጠየቁኝም። ጋቢያቸውን ገልጠው ሆዳቸው ላይ አስገቡት። ገፋን፣ ድንጋይ ጎዘጎዝን፣ ቅርንጫፍ ቆርጠን አነጠፍን። የቆላው ዝንብ በልብስ ላይ አልፎ ይነክሳል። መሸብን። ሌሊቱን መኪናው ሥር አሳለፍነው፤ እማማ ግን ሳጥኑን ከጋቢያቸው አላወጡትም፣ ስጠጋ ነቅተው ነበር። ጧት አንድ ትራክተር መጥቶ ጎተተን። ሃና ስንገባ ሳጥኑን ሲመልሱልኝ የሰውነታቸው ሙቀት አልለቀቀውም ነበር። ከአራቱ ማዕዘን አንዱ ብቻ ርሷል።

ማታ ተማሪዎቼ ተሰበሰቡ። ከፈትነው። ከስፖንጁ ውስጥ ስትወጣ የሆነውን ደስታ መግለጽ አልችልም፤ ልጆቹ ለመንካት ፈርተው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነው የሚያዩት። እኔም ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አላየሁም፤ የኛ ቀለም፣ የኛ ስም፣ የጂንካዋ አውሮፕላን ጠረጴዛዬ ላይ ናት።

ከኋላ የቆመ አንድ የቦዲ ብሔረሰብ ልጅ አለ። ዝምተኛ ነው፤ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ዘግይቶ ነው ትምህርት የጀመረው። ጂንካ ሆስፒታል ወንድሙን ሲያስታምም ማረፊያው አጥር ጥግ ሄዶ አውሮፕላኗን ሁለት ጊዜ አይቷታል።

“ቲቸር፣ ይቺ እሷ አይደለችም” አለ።

“እንዴት?”

“ያቺ ላም ናት። ይቺ ጥጃ ናት።”

ሌሎቹ ሞዴል ስለሆነች ታንሳለች ማለቱ መስሏቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ቀረበና ጣቱን ሳያስነካ ከክንፉ ፊት ያለውን ሰውነት አሳየኝ። “እዚህ ጋ አጭር ነው። ያቺ አንገቷ ይረዝማል።” ቀጠለና ጭራውን አየ። “አረንጓዴውም የሷ አይደለም። የሷ ፀሐይ ሲመታው ይበራል። ይሄ ውሃ የጠጣ ቅጠል ነው።”

ይህ ልጅ የሚያየውን ለምን እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቦዲ ውስጥ ልጅ ስም ሲወጣለት ከስሙ ጋር የከብት መልክ ይሰጠዋል፤ ያ መልክ ዕድሜ ልኩን የሱ ነው። እኛ ደገኞቹ ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ቦቃ፣ ጉሬዛ ብለን እናልፋለን፤ እነሱ ነጩ ከትከሻ ተነስቶ የት ድረስ እንደሚወርድ፣ ከየትኛው ቀለም ጋር እንደሚገናኝ በስም ይለያሉ። ካትሱዮሺ ፉኩይ የሚባል ጃፓናዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እዚህ ምድር ተቀምጦ የቀለም ካርዶች እያሳየ ይህን ዕውቀት አጥንቷል፤ ካርዱን ሲያዩ የሚጠሩለት የከብት መልክ ነው። ሕፃን ሳይቀር አይስትም። እንዲህ ባለ ዓይን ፊት የቀረበች ሞዴል ከማንኛውም ዳኛ ፊት እንደቀረበች ቁጠሩት።

ማስመሪያ ያነሳሁት ያኔ ነው። የኪው 400 ርዝመት 32.8 ሜትር ነው፤ ለ200 ሲካፈል 16.4 ሴንቲ ሜትር። እጄ ላይ ያለችው 12.8 ናት። 3 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ይጎድላታል፤ በእውነተኛዋ ላይ ሰባት ሜትር ከሃያ ማለት ነው፤ ወንበሮች፣ መስኮቶች፣ ሰዎች ያሉበት ሰባት ሜትር። መቅዘፊያዋን ቆጠርኩ። አራት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ይቺ ዳሽ 8-300 ናት፤ ታላቅ እህቷ፣ ርዝመቷ 25.7 ሜትር የሆነች፣ አራት መቅዘፊያ ያላት። የሆድ ስፋታቸው አንድ ነው፣ አፍንጫቸው ይመሳሰላል፤ መቅዘፊያ ሳይቆጥር ከፊት ለሚያይ መንታ ናቸው። ሠሪው የ300ዋ ቅርጽ ስለነበረው ለ400ዋ አዲስ ቅርጽ ከማስቆረጥ በዚያው አፍስሶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሳጥኑ ላይ “ኪው 400” ብሎ ጻፈ። ቅርጽ ማስቆረጥ ከሥራው ሁሉ ውዱ ክፍል ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ይቅር ማለት ግን አልቻልኩም።

በማጉያ መስተዋት ስሟን አነበብኩ። ከጎኗ በፊደላችን የተጻፈው ላይ ጵ መሆን ባለበት ቦታ ጰ ተቀምጣለች። “ኢትዮጰያ” ይላል። አንዲት ሴት ተማሪዬ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ክፍሉ ዝም አለ።

ለሻጩ ጻፍኩ። ርዝመቱን፣ መቅዘፊያውን፣ ፊደሉን በፎቶ ከማስመሪያ ጋር አድርጌ ላክሁ። የመጣው መልስ በዚህ መጠን ላይ ልዩነቱ ለዓይን አይታወቅም የሚል ነው። ብመልሰው ገንዘቤን እንደሚሰጡኝ፣ የመላኪያውን ግን እኔ እንደምከፍል ነገሩኝ። ከሃና ዕቃ ወደ አሜሪካ መላክ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም።

ለዓይን አይታወቅም የሚለው ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። ዘጠና ዶላሩን ረስቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ በአጥር ቀዳዳ ያያት ልጅ አውቆታል። አባቴ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ከሩቅ አውቋል። ሞዴል የሚሠራ ሰው፣ ገዥው እውነተኛዋን አያውቃትም ብሎ ካሰበ ገና ከጅምሩ ሥራውን ትቶታል። የባሰው ደግሞ እውነተኛዋን ፈጽሞ ያላየ ልጅ ነው፤ ለሱ ሞዴሏ ራሷ አውሮፕላኗ ናት። አጭር አድርገን ብንሰጠው አጭር አድርጎ ነው የሚያድግባት። ፀሐይ የተባለችው፣ አዲስ አበባ ላይ በ1928 ዓ.ም. ግድም ተሠርታ ጣሊያኖች የወሰዷት አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳልናለች። ነገ አንድ ሰው የሷን ሞዴል ሊሠራ ይነሳል፤ እመኛለሁም። ያ ሰው ከፎቶ ሳይሆን ከራሷ ላይ ሜትር ዘርግቶ ይለካ እላለሁ።

ሞዴሏን አልጣልኳትም። ከሳጥኑ ላይ ያለውን “400” በእስክርቢቶ ሰርዤ “300” ጻፍኩበት፤ በስሟ ስትጠራ ደህና ሥራ ናት። ስፌቷ ጥፍር አይዝም፣ አፍንጫዋ ያምራል፣ ጎማዋ ይዞራል። ፊደሉን ግን አልነካሁትም፣ ለማሳያ።

ከሳምንት በኋላ የቦዲው ልጅ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። የሸክላ ጭቃ ነው። የአገሩ ልጆች ከብት የሚሠሩበት ጭቃ፤ እሱ ኪው 400 ሠርቶበታል። ማስመሪያዬን ተውሶ ስለነበር 16.4 ላይ አቁሞታል። ክንፉ ከአንገቱ ያለው ርቀት ትክክል ነው። መቅዘፊያዎቹ የእሾህ ስንጥር ናቸው፣ በየሞተሩ ስድስት ስድስት። ጥላ ያለበት የመስኮቴ ደፍ ላይ አስቀመጥነው። በአምስተኛው ቀን ለካነው፤ 15.6 ሆኗል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል።

ልጁ ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ። ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ አካፈለ፣ አባዛ። በማግስቱ ሌላ ሠራ፣ ርጥብ ሳለ 17 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር አድርጎ። ያችኛዋ ደርቃ ስትለካ 16 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ሆነች።